በዕድሜ የገፉ ሠራተኞችና የቅጥር በር

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ስሟም ከሐሙስ ገበያ ጋር የተያያዘ ከተማ ናት። እንዲህ ባለ የገበያ ስፍራ ከእህሉና ከከብቱ ጋር የሰው ጉልበትም ይፈለጋል። ሥራው ሸክም ወይም ቁፋሮ ሲሆን አሠሪው ወጣቱን ቢመርጥ አንወቅሰውም። የሚያሳስበን ብዙ ጉልበት በማይጠይቀው ሥራ፣ በመጋዘን ጥበቃ፣ በሚዛን፣ በችግኝ ጣቢያ፣ ሽበት ታይቶ «አባባ፣ እርስዎ ይረፉ» ሲባል ነው። ቃሉ አክብሮት ይመስላል፤ የሚያስከትለው ግን እንጀራ ማጣትን ነው።

ውድ አንባብያን፣ ሕጉን እንመልከት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ዘርን፣ ፆታን፣ ቋንቋን፣ ሃይማኖትንና ሌሎችንም ምክንያቶች እየዘረዘረ ልዩነት ማድረግን ሲከለክል ዕድሜን በስም አልጠራም፤ በጥቅሉ ካስቀመጣቸው ሌሎች ሁኔታዎች ውስጥ ማካተት ግን ይቻላል። አረጋውያን በስም የተጠሩት በአንቀጽ 41 ነው፤ እዚያም የሚታዩት እንደ ተረጂ እንጂ እንደ ሠራተኛ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ከ18 እስከ 34 ዓመት ላሉት የታሰበ ነበር። ሥራ አጥ ወጣት በበዛበት አገር ይህን መንቀፍ አይገባም፤ ሆኖም በ45 ዓመቱ ከሥራ የተፈናቀለ የቤተሰብ ኃላፊ የትኛውን በር ያንኳኳ?

ከሁሉ ይልቅ ልናሰምርበት የምንወደው የጡረታ ጉዳይ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች በጡረታ የታቀፉት በ2003 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 715 ሲሆን፣ ይህም በ2014 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል። የመውጫው ዕድሜ 60 ዓመት ነው፤ የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። እንግዲህ በ51 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀጠረ ሰው በ60 ዓመቱ ያለው አገልግሎት ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነውና የሚደርሰው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ጎልማሳን ያለ ምዝገባና ያለ መዋጮ ለሁለት ለሦስት ዓመት «በሙከራ» የሚያሠራ ቀጣሪ የሚወስድበት ምን እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ሌላም አለ። ለጡረታ የሚያዘው ዕድሜ ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው ነው። የልደት ምዝገባ በአገራችን በአዲስ መልክ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ የገጠሩ ጎልማሳ ዕድሜውን የሚናገረው በግምት ነው፤ ጸሐፊውም ፊቱን አይቶ ይሞላለታል። ስለዚህ በቁምስናም ሆነ በማኅበር ሰው የምንቀጥር ሁሉ፣ ቅጹን ከመሙላታችን በፊት የክርስትና መዝገብ እንዳለው ወይም የትውልድ ዘመኑን የሚያውቅ ዘመድ እንዳለው እንጠይቀው።