አሮጌ ትንሽ ትራክተር ላይ ሎደር ለመግጠም ላሰቡ

ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብለው በቨርጂኒያ ገጠር፣ ወይም ከሚኒያፖሊስ አለፍ ብለው አምስት ኤከር ገዝተዋል እንበል። አምስት ኤከር ሁለት ሄክታር ገደማ ነው። ይህን ያህል መሬት ላይ ሣር ማጨድ፣ የመኪና መግቢያውን ጠጠር መደልደል፣ በረዶ መጥረግ፣ ለጎመንና ለቃሪያ መደብ ፍግ ማመላለስ በአካፋና በእጅ ጋሪ የሚዘለቅ ሥራ አይደለም። ትራክተር ያስፈልጋል፤ ትራክተሩም ከፊቱ ሎደር (ባኬት ያለው ማንሻ ክንድ) ቢኖረው ሥራው በብዙ ይቀላል።

አዲስ ባለሎደር ትራክተር ዋጋው ስለማይቀመስ ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በተሠሩት ትንንሽ የጃፓን ትራክተሮች ላይ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። 16 የፈረስ ጉልበት ያለው ኩቦታ ቢ 7100፣ ሺባውራ ለፎርድ የሠራው ፎርድ 1700፣ ያንማር ለጆን ዲር የሠራው ጆን ዲር 850 ከእነዚህ መካከል ናቸው። የናፍታ ሞተራቸው ጠንካራ ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ያገለግላል። ችግሩ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ሣር ሲያጭዱ ነው፤ ሣር የሚያጭድ ትራክተር ደግሞ ድካሙን አያሳይም። ሎደር ሲገጠምለት ግን የላላው መሪ፣ ያለቀው ፍሪሲዮን፣ የተበላው ኩሽኔታ፣ የደከመው የሃይድሮሊክ ፓምፕ ሁሉም አንድ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይዛባ፦ መጀመሪያ ትራክተሩን ማደስ፣ ቀጥሎ ክብደቱን ማስላት፣ ሎደሩ በመጨረሻ።

ሲገዙ

በብዙ ስቴቶች ትራክተር እንደ መኪና ታይትል የለውም። ስለዚህ የሽያጭ ውል የግድ ይጻፉ፤ የሻጩ ስም፣ ቀኑ፣ ዋጋው፣ ሞዴሉና የሴሪያል ቁጥሩ ይስፈርበት። የሴሪያል ቁጥሩ ሳህን የተፋቀ ወይም የተነቀለ ከሆነ ይተዉት። ትራክተሩ የብድር መያዣ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ በሻጩ ስም ዩሲሲ የሚባለውን መዝገብ ይፈልጉ፤ መዝገቡ በአብዛኛው በስቴቱ ሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ ይገኛል።

በማንሻዎቹ ላይ የጃፓንኛ ጽሑፍ ካዩ ቆም ይበሉ። «ግሬይ ማርኬት» የሚባሉት እነዚህ ትራክተሮች ለጃፓን ገበያ ተሠርተው፣ እዚያ አገልግለው፣ አምራቹ ሳይፈቅድ በነጋዴዎች እጅ ወደ አሜሪካ የገቡ ናቸው። ኩቦታ ጉዳዩን ለአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን አቅርቦ የራሱ ስም ያለባቸው እንዳይገቡ አሳግዷል፤ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ1999 ውሳኔውን አጽንቶለታል። ማሽኖቹ መጥፎ ላይሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን የኩባንያው ወኪል መለዋወጫ አላቀርብም፣ አልጠግንም ሊልዎት ይችላል። ለአሜሪካ ገበያ ለተሠራው ሞዴል የተዘጋጀ ሎደርም ልክ ላይሆንላቸው ይችላል። መለዋወጫ ከየት እንደሚያመጡ ሳያውቁ አይግዙ።

መጀመሪያ ትራክተሩን ማደስ

ከዘይት ይጀምሩ። በብዙዎቹ ትንንሽ ትራክተሮች የካምቢዮውና የሃይድሮሊኩ ዘይት አንድ ነው፤ ሎደሩን የሚያነሳውም ይኸው ዘይት ነው። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ሞተሩን ትንሽ አሠርተው ሞቅ ሲል ሙሉ በሙሉ ያውርዱት፤ ፊልትሮውን ይቀይሩ፤ በፓምፑ መሳቢያ በኩል ያለውን ወንፊት አውጥተው በናፍታ ይጠቡ። አዲሱ ዘይት የትራክተሩ ማንዋል የሚያዘው ዓይነት ይሁን። የመኪና ካምቢዮ ዘይት ምትክ አይሆንም።

ሁለተኛው ፍሪሲዮን ነው። በሎደር መሥራት ማለት ወደፊት ገብቶ፣ ዝቆ፣ ወደኋላ ወጥቶ፣ ደፍቶ እንደገና መመለስ ነው፤ በየዙሩ ፍሪሲዮን ይረገጣል። ፔዳሉ ከላይ ትንሽ ነጻ ጨዋታ ሊኖረው ይገባል፤ ልኩ በማንዋሉ አለ። ተስተካክሎም የሚንሸራተት ከሆነ ሸራው አልቋል። ሸራውን ለመቀየር ትራክተሩ ከመሃል ለሁለት ይከፈላል። ሎደር ከተገጠመ በኋላ ይህን ለማድረግ ሎደሩን የሚሸከመው ብረት በሙሉ መፈታት አለበት፤ ስለዚህ የሚያጠራጥር ከሆነ አሁን ይቀየር።

ሦስተኛው የፊት አክስል ነው። የፊቱን በክሪክ አንስተው በጠንካራ መቆሚያ ላይ ያሳርፉ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ ትራክተር ሥር በፍጹም አይግቡ። ከዚያ እያንዳንዱን ጎማ ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁ። ከተንቀጫቀጨ የጎማው ኩሽኔታ ወይም የኪንግ ፒኑ ቡሽ አልቋል ማለት ነው። አክስሉ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝበትን የመሃል ፒንም ይዩ፤ ብዙ ሰው ግራሶ መስጠት የሚረሳው እዚያ ነው። በአራት ጎማ የሚነዳ ከሆነ በፊት አክስሉ ውስጥ ያለውን የማርሽ ዘይትም ይመልከቱ።

ፍሬኑ ለግራና ለቀኝ የኋላ ጎማ የየራሱ ፔዳል አለው። ሁለቱ እኩል እንዲይዙ ይስተካከሉ፤ በሎደር ሲሠሩ ማያያዣው ይቆለፍ። በፍጥነት ሲሄዱ አንዱን ፔዳል ብቻ መርገጥ ትራክተሩን ሊያዞረው ይችላል። የራዲያተሩን ፊት ከሣር ብናኝ ያጽዱ፤ የቬንትሌተሩ ቺንጋ ከተሰነጠቀ ይለወጥ።

ክብደቱ የት ያርፋል?

አንድ ሜትር ከሃያ ስፋት ያለው ባኬት 0.15 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። እርጥብ አፈር በሜትር ኩብ 1,600 ኪሎ ግራም ቢመዝን ባኬቱ ውስጥ 240 ኪሎ ግራም አለ። ይህ ጭነት ከፊት አክስሉ 1.2 ሜትር ቀድሞ የተንጠለጠለ ነው። በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 1.4 ሜትር ከሆነ በፊት አክስሉ ላይ የሚጨመረው 240 ሳይሆን 446 ኪሎ ግራም ነው። 206 ኪሎ ግራሙ ከኋላ ጎማዎች ላይ ተነስቶ የመጣ ነው። የሎደሩ የራሱ ክብደት ገና አልተቆጠረም።

የኋላ ጎማ ሲቀልል ሦስት ነገር ይከተላል፦ ጎማው መሬት አይዝም፣ ፍሬኑ አያቆምም፣ ትራክተሩ በቀላሉ ይገለበጣል። መድኃኒቱ ከኋላ ክብደት ማንጠልጠል ነው። ከኋላ አክስሉ 90 ሴንቲ ሜትር ርቆ በኋላ ማንሻው ላይ 200 ኪሎ ግራም ቢሰቀል የኋላ ጎማዎች ላይ 329 ኪሎ ግራም ይጨምራል፤ ከፊቱ ላይ ደግሞ 129 ይቀንሳል። ማለትም የኋላ ክብደት የፊት አክስልዎንም ያድናል። በሲሚንቶ የተሞላ በርሜል፣ ማንሻው ላይ የሚሰቀል የክብደት ሳጥን ወይም ከባድ መሣሪያ ያገለግላል። የኋላ ጎማዎችን እስከ 75 በመቶ በፈሳሽ መሙላትም ጥሩ ነው፤ ብርድ አገር ከሆኑ ግን ተራ ውኃ አይሁን። ካልሲየም ክሎራይድ ከባድ ቢሆንም ካላማዳሪው ካፈሰሰ ቸርኬውን ይበላል። ከስኳር ቀይ ሥር ጭማቂ የሚዘጋጀው ፈሳሽ አይበላም፤ ዋጋው ግን ይጨምራል።

የፊት ጎማዎች ጎናቸው ላይ የተጻፈውን የመሸከም አቅም ያንብቡ። አራት ፕላይ የሆነው ብዙ ጊዜ ስለማይበቃ በስድስት ፕላይ ይቀየራል። በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳ ትራክተር የፊት አክስሉ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ስለሆነ ከትንሽ ሎደር በላይ አይሸከምም።

ተሸካሚው ብረት

እዚህ ላይ ብዙ ትራክተር ተበላሽቷል። ትንሽ ትራክተር እንደ ፒክአፕ ከሥሩ ሻንሲ የለውም። ሞተሩ፣ የፍሪሲዮኑ ቤት፣ ካምቢዮውና የኋላ አክስሉ እርስ በርስ በቡሎን የተያያዙ፣ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠሩ ቤቶች ናቸው፤ ገላው ራሱ እነሱ ናቸው። ሎደሩ ከፊት ብቻ ከታሰረ ባኬቱ ጉቶ በመታ ቁጥር ኃይሉ በፍሪሲዮኑ ቤት በኩል ያልፋል። እንዲህ ያለ ብረት አይታጠፍም፤ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የሎደሩ ተሸካሚ ከፊት ተነስቶ፣ በሁለቱም ጎን አልፎ፣ እስከ ኋላ አክስሉ ቤት ድረስ ሄዶ መታሰር አለበት።

የሚመረጠው ለእርስዎ ሞዴል የተሠራ፣ ማሰሪያዎቹ በሙሉ ያሉት ያገለገለ ሎደር ነው። ማሰሪያ የሌለው ሎደር በርካሽ ቢገኝም ማሰሪያውን ማሠራት ከሎደሩ ሊበልጥ ይችላል። ብየዳ የሚያውቅ ወዳጅ ቢኖርዎትም በትራክተሩ ቤት ላይ አይበይድ፣ አዲስ ቀዳዳም አይብሳ፤ ፋብሪካው ባወጣው ቀዳዳ ብቻ ይታሰር። በጃፓን ትራክተር ላይ ያለው ጥርስ በአብዛኛው በሚሊ ሜትር ነው፤ አሜሪካ የተሠራው ሎደር ደግሞ በኢንች ሊሆን ይችላል። የሚቀራረቡ ቡሎንና ዳዶ በግድ ማስገባት ጥርሱን ይጨርሳል። ቡሎኖቹ ጭንቅላታቸው ላይ 10.9 የተጻፈባቸው፣ በኢንች ከሆነ ግሬድ 8 ይሁኑ።

ሃይድሮሊኩ

በእነዚህ ትራክተሮች ዘይቱ ከፓምፕ ወጥቶ ያለማቋረጥ ይዞራል። ሎደር ሲጨመር መንገዱ እንዲህ ይሆናል፦ ከፓምፕ ወደ ሎደሩ ቫልቭ፣ ከቫልቩ ወደ ኋላ ማንሻ፣ ከዚያ ወደ ዘይቱ ቤት። ለዚህ ቫልቩ ሦስት በር ያስፈልገዋል፤ የግፊት መግቢያ፣ ወደ ዘይት ቤቱ መመለሻ፣ እና ፓወር ቢዮንድ የሚባለው ግፊቱን ወደ ኋላ ማንሻ የሚያሳልፈው። ፓወር ቢዮንድ የሌለውን ቫልቭ መመለሻ በር ከኋላ ማንሻ ጋር ማገናኘት የተለመደ ስህተት ነው። ያ በር ከፍተኛ ግፊት እንዲችል ስላልተሠራ ማንሻው ሲሠራ ቫልቩ ሊፈነዳ ይችላል።

ፈጣን መጋጠሚያ ካስገቡ ደግሞ ሎደሩ ሲወልቅ የግፊትና የመመለሻ ቱቦዎቹ እርስ በርስ መያያዝ አለባቸው። ተፈተው ከቀሩ ዘይቱ መውጫ ያጣል፤ ፓምፑም ሊሰበር ይችላል። የግፊት መቆጣጠሪያውን ቫልቭ በጌጅ እየለኩ ማንዋሉ ባለው ልክ ያስተካክሉ። ሎደሩ ብዙ እንዲያነሳ ብሎ ከልኩ በላይ ማጥበቅ ፓምፑን መጨረስ ነው።

የፓምፑን ጤንነት በሰዓት መለካት ይቻላል። የውስጥ ዲያሜትራቸው 5 ሴንቲ ሜትር፣ ምታቸው 50 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ማንሻ ሲሊንደሮች ለመሙላት 2 ሊትር ገደማ ዘይት ይፈልጋሉ። ፓምፑ በደቂቃ 15 ሊትር የሚሰጥ ከሆነ ባዶው ባኬት ከመሬት እስከ ላይ በ8 ሰከንድ ያህል መድረስ አለበት። እጥፍ ጊዜ ከወሰደ መጀመሪያ የመሳቢያውን ወንፊት፣ ቀጥሎ ፓምፑን ይጠርጥሩ። ቱቦዎቹ ውስጥ የቀረው አየር ከወጣ በኋላ ባኬቱን መሬት አሳርፈው ዘይቱን ይለኩና ይሙሉ።

የሚያፈስ ቱቦ በእጅ አይዳሰስም። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል። ካርቶን ይዘው ይፈልጉት። ዘይት ሥጋ ውስጥ ከገባ ቁስሉ ነጥብ ቢያክልም ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ በግፊት የገባ የሃይድሮሊክ ዘይት መሆኑንም ይንገሯቸው። ቱቦ ከመፍታትዎ በፊት ባኬቱን መሬት ያሳርፉ፣ ሞተር ያጥፉ፣ የመቆጣጠሪያ ማንሻዎቹን ወዲያ ወዲህ አድርገው ግፊቱን ያስወጡ።

ሥራ ሲጀምሩ

ከመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት በኋላ የተሸካሚውን ቡሎኖችና የጎማ ዳዶዎችን በሙሉ እንደገና ያጥብቁ። ከዚያ በኋላ በየ10 ሰዓቱ ለሎደሩ ፒኖችና ለፊት አክስሉ ግራሶ ይስጡ። የተሞላ ባኬት ከጉልበት በታች ይዘው ይሂዱ፤ ከፍ የሚያደርጉት ሊደፉ ሲሉ ብቻ ነው። ዳገት ላይ ወደ ጎን አይሻገሩ። በባኬቱ ሰው አይነሳም፤ በተነሳ ባኬት ሥርም አይቆምም። ክብ የሣር ጥቅል ለዚያ ባልተሠራ ባኬት አያንሱ፤ በክንዶቹ ላይ ተንከባልሎ ሹፌሩ ላይ ይወድቃል።

የመጨረሻው ነገር ሮፕስ ነው፤ ከወንበሩ ኋላ የሚቆመው፣ ትራክተር ሲገለበጥ ሹፌሩን ከመጨፍለቅ የሚያድነው የብረት ቅስት። የአሜሪካ አምራቾች ትራክተርን ከነሮፕሱ መሸጥ መደበኛ ያደረጉት ከ1985 ወዲህ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ የላቸውም። ብሔራዊ የሮፕስ ሪቤት ፕሮግራም በተሳታፊ ስቴቶች ከሮፕሱ ወጪ 70 በመቶ ገደማውን ይመልሳል፤ ስቴትዎ ውስጥ መኖሩን የአካባቢዎን የኤክስቴንሽን ቢሮ ይጠይቁ። ሮፕስ ሲኖር ቀበቶ ይታሰራል፤ ከሌለ አይታሰርም። በጀትዎ ለሎደርና ለሮፕስ አንድ ላይ የማይበቃ ከሆነ ዘንድሮ ሮፕሱን ያስገጥሙ፤ ሎደሩ ለከርሞ ይደርሳል።