ድረ ገጽ ለምን እንደገና «ማን ነህ?» ይለናል?

በኮምፒዩተር ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የይለፍ ቃሌን አሁን አስገብቼ፣ ለምን እንደገና ይጠይቀኛል?» የሚል ነው።

ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ኮምፒዩተር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ በአሠራሩ ዝንጉ ነው። አንድ ገጽ ከሰጠን በኋላ ማን እንደሆንን አያስታውስም። ይህን ችግር ለማቃለል በ1994 እ.ኤ.አ. የኔትስኬፕ ባለሙያ የነበረው ሉ ሞንቱሊ «ኩኪ» የሚባለውን ዘዴ ፈጠረ። የይለፍ ቃላችን ትክክል ሲሆን ሰርቨሩ ረጅም የምስጢር ቁጥር ይሰጠናል፤ ብራውዘሩም ገጽ በጠየቅን ቁጥር ያንኑ ያሳይልናል። እንግዲህ ቁጥሩን የያዘ ሁሉ እንደ ባለቤት ይቆጠራል። ሰርቨር ፊት አያይም እኮ!

ስለዚህ ለቁጥሩ ዕድሜ ይወሰንለታል። አንደኛው ገደብ ሰውየው ሥራ ካቆመበት ደቂቃ ይቆጠራል፤ ሁለተኛው ቢሠራም ባይሠራም ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ነው። የዕድሜው ልክ እንደ መሣሪያው ይለያያል። ካልቀየሩት በቀር ፒኤችፒ ከ1440 ሴኮንድ፣ ማለት ከ24 ደቂቃ ዝምታ በኋላ መረጃው እንዲጠረግ ይፈቅዳል፤ ጃንጎ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያቆያል።

ሁለት ሳምንት! እዚህ ቀብሪበያ አንድ ኮምፒዩተር ለብዙ ሰው ሲያገለግል ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንድ መምህር የማርክ ሮስተሩን ከፍቶ፣ «አስታውሰኝ» የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጎ ወደ ክፍል ይሄዳል። ቀጥሎ የተቀመጠ ተማሪ 45ን 85 ቢያደርገው በመዝገብ የሚታየው የመምህሩ ስም ነው። «አስታውሰኝ» ለግል ስልክ እንጂ ለጋራ ኮምፒዩተር አልተሠራችም።

በሌላ በኩል ገደቡን ማሳጠር ብቻውን መፍትሔ አይደለም። የ60 ተማሪ ማርክ ሲሞላ የቆየ መምህር «አስቀምጥ» ሲል «ጊዜዎ አልፏል» ቢባል ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው፤ መብራት ከጠፋማ አይነሣ። በበኩሌ ለማርክ አጭር ገደብ እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ የተሞላውን በየጊዜው በረቂቅነት ማስቀመጥ፣ ጊዜው ከማለቁ በፊት ማስጠንቀቅ፣ እንደገና ስንገባም ወደ ተውነው ገጽ መመለስ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ብራውዘሩን መዝጋት መውጣት አይደለም፤ አንዳንዱ ብራውዘር ሲከፈት ያቋረጥነውን መልሶ ያመጣል። «ውጣ» የሚለውን መጫን ያስፈልጋል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰውም ቁጥሩን ከብራውዘሩ ብቻ ሳይሆን ከሰርቨሩ መዝገብ ይሰርዝ። አለዚያ ቁጥሩን ቀድሞ የቀዳ ሰው ባለቤቱ ወጥቶ ከሄደ በኋላም ይገባበታል።