የመቃ ብዕር ጉድለትና መድኃኒቱ

ብዕር አልጽፍ ሲል አንዳንዶቻችን እጃችንን እንወቅሳለን፤ አንዳንዶቻችንም ብዕሩን ሰብረን እንጥላለን። ነገር ግን ጉድለት ሁሉ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ያወቀም መድኃኒቱን አያጣም። ስለዚህ በእጅ ሥራ ክበባችን የመቃ ብዕር ስንቀርጽ የተማርሁትን ለጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች ባጭሩ ለማስረዳት እወዳለሁ።

የመቃ ብዕር የሁላችንም ቅርስ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች በብራና ላይ፥ የቁርዓን ተማሪዎችም በእንጨት ሎህ ላይ ሲጽፉበት ኖረዋል። በዐረብኛ «ቀለም» ማለት ብዕር ነው፤ ቃሉም በግሪክኛ መቃ ማለት ከሆነው ከ«ካላሞስ» የመጣ ነው። እኛ ግን ስሙን ለሚጻፍበት ጥቁር ውሃ ሰጠነው።

አንደኛው ጉድለት የመቃው መሰንጠቅ ነው። ነገሌ ቦረና በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ባለው ደረቅ አገር ናት። እርጥብ መቃ በፀሐይ ቢሰጣ ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የበሰለውን መቃ መርጦ በጥላ ቀስ እያሉ ማድረቅ ያሻል።

ሁለተኛው የቀለም አለመውረድ ነው። ውሃ በጠባብ ቦታ ውስጥ እየተሳበ ስለሚሄድ፥ ቀለሙን ወደ ጫፉ የሚያደርሰው ቀጭኑ ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ ከሰፋ ቀለሙ ይቋረጣል፤ ፈጽሞ ከሌለ ደግሞ አንድ ፊደል ሳይጨርስ ይነጥፋል። ስንጥቁ የሰፋበትን ጫፍ ቆርጦ እንደ ገና መቅረጽ ይሻላል።

ሦስተኛው የጫፉ መለስለስ ነው። የመቃ ጠንካራው ክፍል ውጪኛው ቅርፊት ነው። ስለዚህ ውስጡን ለስላሳ በሰንጢ ፍቆ፥ ጫፉንም በጠንካራ እንጨት ወይም በቀንድ ላይ አስደግፎ ባንድ ጊዜ መቁረጥ ነው። በተደጋጋሚ የተከረከመ ጫፍ መስመሩን ያሻክራል።

አራተኛው የቀለሙ ጉድለት ነው። እኛ የምጣድ ጥቀርሻ ፈጭተን በግራር ሙጫ ውሃ እንለውሳለን። በቆላችን ሙጫም ዕጣንም ስለሚለቀም ሁለቱን አለማደባለቅ ይገባል፤ የግራር ሙጫ በውሃ ይሟሟል፥ የዕጣን አብዛኛው ክፍል ግን አይሟሟም። ሙጫው ሲያንስ ጽሕፈቱ በጣት ሲነካ ይለቃል፤ ሲበዛም ደርቆ ይፈረፈራል። በሙቀት ውሃው ተንኖ ቀለሙ ከወፈረ ጥቂት ጠብታ መጨመር፥ ዕቃውንም ከድኖ ማስቀመጥ ነው። ቀለሙ ቀጥኖ ከተንጠባጠበ ግን ጥቀርሻና ሙጫ ይጨመርበታል።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው፤ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ብዕሩንም ቀለሙንም አብሮ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። ከለወጣችሁም በኋላ ያንኑ ፊደል ጽፋችሁ ከፊተኛው ጋራ አስተያዩት።

ከክበባችን አባሎች ሁለቱ «እጃችን ለጽሕፈት አልተፈጠረም» ብለው ሊተዉ ነበር። ብዕሮቻቸውን ስንመረምር ያንዱ ስንጥቅ የሰፋ፥ የሁለተኛውም ጫፍ ውስጡ ያልተፋቀ ሆኖ ተገኘ። ታርሞ ሲሰጣቸው ፊደላቸው ጠራ። እንግዲህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፥ ልጅ ሲሰንፍ ብታዩ አስቀድማችሁ መሣሪያውን መርምሩለት። ብዕር ቢበላሽ ይቀረጻል፤ የተሰበረ ልብ ግን እንደ መቃ ቶሎ አይታረምም።