የጋራዥ በር እንክብካቤ፦ ለእናቴ ከጻፍኩት መመሪያ የተገኘ ትምህርት

መግቢያ

እኛ ሀገር “ጋራዥ” ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን ቱታ የለበሱ መካኒኮች መኪና የሚጠግኑበት ቦታ ነው። አሜሪካ ግን ጋራዥ የሚባለው ከመኖሪያ ቤት ጋር ተያይዞ የሚሠራ የመኪና ማሳደሪያ ክፍልም ነው። በሩ እንደኛ የላሜራ በር ወደ ጎን አይከፈትም። በሞተር እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣና ጣሪያው ሥር ይተኛል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የዚህ በር እንክብካቤ እንዴት እንደሚከናወን አስረዳለሁ።

“የጋዜጠኝነት ተማሪን ይህ ምን አገባው?” የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። እናቴ ታላቅ እህቴ ዘንድ ቨርጂኒያ ሄዳ ሁለት የልጅ ልጆቿን ትጠብቃለች። እህቴና ባሏ ሥራ ሲውሉ እቤት የሚቀሩት እናቴ፣ ሁለቱ ሕፃናትና ያ በር ናቸው። በሩ ላይ የተለጠፈው የማስጠንቀቂያ ወረቀት ግን በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ቀን በስልክ ስናወራ “ልጄ፣ ይሄ በር ሰሞኑን ያጓራል፣ ልጆቹ ደግሞ ሥሩ ነው የሚጫወቱት” አለችኝ። ስለዚህ በአማርኛ መመሪያ ልጽፍላት ተነሳሁ።

በሩ እንዴት ይሠራል?

ሲ. ጂ. ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ ወደ ላይ የሚነሳውን በር የሠራው እ.ኤ.አ. በ1921 ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ የሚከፍተውን መሣሪያ ያስከተለው ደግሞ በ1926 ነው። የዛሬዎቹም በሮች አሠራራቸው ከዚያ ብዙ አይርቅም። በሩ በማጠፊያ የተያያዙ አራት ወይም አምስት አግድም ክፍሎች አሉት። በጎንና ጎን ትንንሽ ጎማዎች ተገጥመውለት በሁለት ሐዲዶች ውስጥ ይሄዳል።

ብዙ ሰው በሩን የሚያነሳው ሞተሩ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ሁለት መኪና የሚያስገባ የብረት በር ብዙውን ጊዜ ከ60 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ይህን ክብደት የሚሸከመው ከበሩ በላይ ወይም በሐዲዶቹ ጎን የተወጠረው ሞላ ነው። ልክ እንደ ሚዛን በአንድ ወገን በሩ፣ በሌላው ወገን ሞላው አለ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ሞተሩ የሚገፋው ጥቂት ብቻ ነው። ሞላው ሲደክም ግን ሸክሙ ሞተሩ ላይ ያርፋል፣ ብልሽቱም ከዚያ ይከተላል።

ሞላ ዕድሜ አለው። የተለመደው ዓይነት የሚሠራው 10,000 ጊዜ ያህል እንዲከፍትና እንዲዘጋ ታስቦ ነው። በቀን 4 ጊዜ ተከፍቶ የሚዘጋ በር ከሆነ 10,000ን ለ4 ስናካፍል 2,500 ቀን ይመጣል፤ ይህም ወደ 7 ዓመት ገደማ ነው። እህቴ ቤቱን ስትገዛ በሩ ስንት ዓመት እንዳገለገለ አልጠየቀችም ነበር። አሁን ጠይቃለች።

ሥራውን ለሦስት መክፈል

መመሪያውን ስጽፍ ሥራዎቹን እንደየክፍሉ አልደረደርኩም። “ማን ይሠራዋል?” ብዬ ለሦስት ከፈልኳቸው።

1ኛ. እናቴ በየወሩ የምታደርገው

ሀ) ማየትና መስማት። በሩ ሲወጣና ሲወርድ ራቅ ብሎ መቆምና ማየት፦ ይንገጫገጫል? አንዱ ጎን ይቀድማል? የብረት ገመዱ ተበጣጥሷል? አዲስ ድምፅ ከሰማች ለእህቴ ትናገራለች።

ለ) የዓይኑን ሙከራ። በበሩ ግራና ቀኝ፣ ከወለሉ ከ15 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ከፍታ ላይ እርስ በርስ የሚተያዩ ሁለት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ዓይኖች አሉ። በሩ እየወረደ ሳለ የመጥረጊያ እንጨት በመካከላቸው ማሳለፍ ነው። በሩ ወዲያው ወደ ላይ መመለስ አለበት። አቧራ ወይም የሸረሪት ድር ከያዛቸው በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋሉ።

ሐ) የእንጨት ሙከራ። ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በሩ በሚያርፍበት መስመር መካከል ላይ አጋድሞ በሩን መዝጋት ነው። በሩ እንጨቱን ሲነካ ተመልሶ መነሳት አለበት። ካልተመለሰ እስኪጠገን ድረስ በሞተር መዝጋት አይገባም።

እነዚህ መከላከያዎች እንዲሁ የመጡ አይደሉም። ሕፃናት በበር ሥር እየተያዙ ከሞቱ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ሕግ አወጣ። በዚህም መሠረት ከጥር 1 ቀን 1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠሩ የበር መክፈቻዎች በሙሉ፣ በሩ አንድ ነገር ሲነካ ከመመለሱ በተጨማሪ ሌላ መከላከያ፣ ለምሳሌ ይህን ዓይን፣ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። ከዚያ በፊት የተሠራ መክፈቻ ያለው ቤት መክፈቻውን ቢቀይር ይሻለዋል።

2ኛ. የእህቴ ባል በየስድስት ወሩ የሚያደርገው

ሀ) ማጥበቅ። በሩ በየቀኑ ስለሚንቀጠቀጥ የማጠፊያዎቹና የሐዲዱ መያዣዎች ቡሎኖችና ዳዶዎች ይላላሉ። እነሱን ማጥበቅ ነው። ሞላው ወይም የብረት ገመዱ የታሰረበትን ግን አይነካም። ይህን ከታች እመለስበታለሁ።

ለ) መቀባት። ማጠፊያዎቹ፣ የጎማዎቹ ኩሽኔታዎችና ሞላው ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ የሲሊኮን ወይም የሊቲየም ቅባት ይነፋባቸዋል። ሐዲዱ ውስጡ አይቀባም። ግራሶ ከተቀባ አቧራ ይሰበስብና ጎማውን ያስቸግራል። ሐዲድ በጨርቅ መጥረግ ብቻ ይበቃዋል። የእናቴ በር ያጓራ የነበረውም በዚህ በኩል ነው፤ ማጠፊያዎቹ ሲቀቡ ድምፁ ቀነሰ።

ሐ) የሚዛን ሙከራ። በሩ ተዘግቶ ሳለ ከሞተሩ ሐዲድ የተንጠለጠለውን ቀይ ገመድ ስቦ በሩን ከሞተሩ ማላቀቅ፣ ከዚያም በእጅ አንስቶ ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ላይ ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ጤነኛ በር እዚያው ይቆማል። ተመልሶ ከወረደ ወይም ወደ ላይ ከሸሸ ሞላው ልኩን ስቷል ማለት ስለሆነ ባለሙያ ይጠራል። ሲያነሱት እጅን በክፍሎቹ መጋጠሚያ ላይ ማድረግ ጣት ያስበላል።

3ኛ. ማንም የቤት ሰው የማይነካው

ሞላው፣ የብረት ገመዱና ከበሩ ታች ግራና ቀኝ ገመዱ የታሰረበት ብረት የባለሙያ ብቻ ናቸው። በሩ ተዘግቶ ሲቀመጥ ሞላው የበሩን ሙሉ ክብደት የሚያህል ኃይል ይዞ ተወጥሯል። አንድ ቡሎን ቢፈታ ብረቱ ተፈናጥሮ እጅ ሊቆርጥ፣ ሰውም ሊገድል ይችላል። ሞላ ሲሰበር እንደ ተኩስ ይጮኻል። እናቴ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማች ቁልፉን ሳትጫን፣ ልጆቹን ከዚያ አርቃ መደወል ነው ያለባት።

መብራት ሲጠፋ

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም! ሞተሩ ሲቆም ቀዩ ገመድ ይሳባል፣ በሩም በእጅ ይከፈታል። ጥንቃቄው ግን አንድ ነው፤ ገመዱ የሚሳበው በሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሳለ ነው። በሩ ክፍት ሆኖ ሞላው የተሰበረ እንደሆነ፣ ገመዱ በተሳበ ቅጽበት ያ ሁሉ ክብደት ይወርዳል። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 በደረሰው የሰደድ እሳት መብራት ጠፍቶ በራቸውን መክፈት የተሳናቸው ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግዛቲቱ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጥ አዲስ መክፈቻ ሁሉ ባትሪ እንዲኖረው አስገድዳለች።

ልጆችን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የግድግዳው ቁልፍ ከወለሉ ቢያንስ 1 ሜትር ከ50 ከፍ ብሎ መሰቀል ይኖርበታል። በእጅ የሚያዘውም መቆጣጠሪያ መጫወቻ አይደለም።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ክፍል ውስጥ ስለ ዜና፣ ስለ ዓምድና ስለ ቃለ መጠይቅ እንማራለን። “እንዴት ይሠራል” የሚለው ጽሑፍ ግን ብዙም ክብር አይሰጠውም፣ ቀላል ይመስላልና። እኔ ከዚህ ሥራ ሦስት ነገር አግኝቻለሁ።

አንደኛ፣ ቃላቱ ያሉት መዝገበ ቃላት ውስጥ ብቻ አይደለም። የክፍሎቹን የአማርኛ ስም ፍለጋ የሄድኩት ኮሌጁ አጠገብ ወዳለው ጋራዥ ነው፤ የእኛውን ጋራዥ ማለቴ ነው። መካኒኮቹ ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ግራሶ ብለው አንድ በአንድ ነገሩኝ። ከጣሊያንኛ የመጡ ቢሆኑም እናቴ ሁሉንም ታውቃቸዋለች። “ጠምዛዥ የብረት ጥቅልል” ብላት ኖሮ ምን ሊገባት ነው?

ሁለተኛ፣ አንባቢን ማወቅ ማለት ዕድሜውንና ትምህርቱን ማወቅ ብቻ አይደለም፤ የትኛውን ሥራ እጁ ሊሠራው እንደሚችል ማወቅም ነው። መሰላል ለማትወጣ ሴት የቅባት ዝርዝር መስጠት ገጽ መሙላት ነው።

ሦስተኛ፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለ ፍተሻ አይወጣም። ረቂቁን በስልክ አነበብኩላትና “እማዬ፣ እስቲ አንቺ ደግሞ ንገሪኝ” አልኳት። የገመዱን ነገር ስትደርስ “መብራት ሲጠፋ ቀዩን እስባለሁ” ብላ አቆመች። “በሩ ተዘግቶ ሳለ” የሚለው አረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለነበር አላስታወሰችውም። ቅደም ተከተሉን ቀየርነው፦ “መጀመሪያ በሩ መዘጋቱን እይ። ከዚያ ቀዩን ሳቢ።” በሁለተኛው ንባብ ሳትሳሳት ደገመችው። ማስጠንቀቂያ ከድርጊቱ መቅደም እንዳለበት የገባኝ ያኔ ነው።

ማጠቃለያ

የጋራዥ በር በወር ጥቂት ደቂቃ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል እንክብካቤ ቢያገኝ ለዓመታት ያለ ችግር ያገለግላል። በውጭ ሀገር ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ወላጆች ያላችሁ የክፍል ጓደኞቼ፣ ከላይ ያሉትን ሙከራዎች በስልክ አንብባችሁ አስረዷቸው፤ እነሱም መልሰው ይንገሯችሁ። እናቴ መመሪያውን በትልቁ ጽፋ ቁልፉ አጠገብ ለጥፋዋለች። ሙከራውን የምታደርገው ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ቸር እንሰንብት!