ደጋግሞ የሚቃጠለው ኤ.ቪ.አር፦ በደጋ ከተማ የሚሠሩ ርካሽ ጄኔሬተሮች ብልሽትና የፍተሻ ቅደም ተከተል

በአዲስ አበባ መብራት ሲጠፋ በፀጉር ቤቶች፣ በፎቶ ኮፒ ቤቶችና በሥጋ ቤቶች ደጃፍ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎዋት የሚያመነጩ የቤንዚን ጄኔሬተሮች ይነሣሉ። እነዚህን ማሽኖች በተመለከተ በጥገና ቤቶች የሚሰማ አንድ የተለመደ አቤቱታ አለ፤ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው፣ በሙያው አጠራር ኤ.ቪ.አር፣ ተቃጥሎ ይለወጣል፤ ብዙም ሳይቆይ አዲሱም ይቃጠላል። የሚሰጠው ምክንያት «ዕቃው ፎርጅድ ነው» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ይሁንና ብልሽቱ ከሞተሩ ሊመነጭ እንደሚችል ሳይፈተሽ የሚደረግ ለውጥ ባለንብረቱን ለተደጋጋሚ ወጪ ይዳርጋል።

ባለሁለት ዋልታ ጄኔሬተር 50 ኸርዝ ለመስጠት በደቂቃ 3,000 ጊዜ መዞር አለበት። ሞተሩ ደክሞ ወደ 2,700 ዙር ሲወርድ ፍሪኩዌንሲው 45 ኸርዝ ይሆናል። ቮልቴጁም አብሮ መውረድ ሲጀምር ኤ.ቪ.አሩ 220 ቮልትን ለመጠበቅ ወደ ሮተሩ ጥቅል ሽቦ የሚልከውን ጅረት ይጨምራል። ፍጥነት ሲወርድ ጅረቱን የሚገድብ መከላከያ በሌለው ርካሽ ኤ.ቪ.አር፣ ሮተሩም መቆጣጠሪያውም ከመጠን በላይ ይግላሉ፤ የማቀዝቀዣው ፋንም በዚያው ልክ ዝግ ብሏል። ቮልት ብቻ የሚለካ ባለሙያ 220 አንብቦ ማሽኑን እንደ ደህና ያስረክባል። ችግሩ ተሸሽጎ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞተሩ የሚደክምበት አንዱ ምክንያት ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 ከመቶ ያህል ኃይል እንደሚያጣ ቢታሰብ፣ 2.5 ኪሎዋት የተጻፈበት ማሽን እዚህ የሚሰጠው ወደ 1.8 ኪሎዋት ነው። (ከሦስት ኪሎዋት በላይ የሚስበው የእንጀራ ምጣድ ቀድሞውንም የዚህ ማሽን ጭነት አልነበረም።) በዚህ ላይ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር በሳሳው አየር ውስጥ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ ሞተሩ ይበልጥ ይደክማል።

ስለዚህ ፍተሻው ከፍሪኩዌንሲ መጀመር አለበት። ያለ ጭነት 52 ኸርዝ አካባቢ ማንበብ የተለመደ ነው። ከዚያ መጠኑ የታወቀ ጭነት፣ ለምሳሌ የ1,000 ዋት ምድጃ፣ ይሰካል። ፍሪኩዌንሲው ከ48 በታች ከወረደ ካርቡሬተሩ፣ የአየር ማጣሪያው፣ ካንዴላውና የፍጥነት መቆጣጠሪያው ሳይታዩ ኤ.ቪ.አሩ መነካት የለበትም። ፍሪኩዌንሲው ጸንቶ ቮልቴጁ ብቻ ከወረደ ግን ወደ ካርቦኑ፣ ወደ ኤ.ቪ.አሩና ወደ ጥቅል ሽቦው መሄድ ተገቢ ነው።

በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ አምራቹ ለደጋ በሚያዘጋጀው ጠበብ ያለ መለወጥ ድብልቁን ያስተካክላል፤ በከፍታው የጠፋውን ኃይል ግን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። እንዲህ የተስተካከለ ማሽን ወደ አፋር ወይም ወደ ጋምቤላ ሲወሰድ የቀድሞው ቀዳዳ መመለስ ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ቤንዚን አንሶት ሞተሩ ይግላል። በመሆኑም የወጣው ክፍል ለባለንብረቱ በእጁ ሊሰጠው ይገባል።