የጥናት ክፍል፦ የቤታችን ዋይፋይ ለምን ይቆራረጣል? እንዴትስ ይጠበቃል?

በሪያድ፣ በራውዳ ሠፈር፣ አንድ ቤት ተካፍለን የምንኖር ተማሪዎች አንድ የኢንተርኔት መሥመርም እንካፈላለን። በዚሁ መሥመር ትምህርት እንከታተላለን፤ ፈተና እንወስዳለን፤ ለወላጆቻችን ድምፃችንን እናሰማለን፤ ገንዘብም እንልካለን። ሲቆራረጥ የምንወቅሰው ኩባንያውን ነው። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ ከውጭ ነውን? ለማወቅ ኮምፒዩተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ይበቃል። በገመድ ደህና ሆኖ በዋይፋይ ከደከመ ችግሩ ከቤት ውስጥ ነው።

1ኛ/ ስለ ቦታ፦ ዋይፋይ የራዲዮ ሞገድ በመሆኑ የኮንክሪት ግድግዳ ያደክመዋል። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርቆ ይደርሳል፤ ነገር ግን የጎረቤት ራውተሮች ይጨናነቁበታል፤ በዚህ ሞገድ ላይ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 አንዱን መምረጥ ይሻላል። የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ቶሎ ያግደዋል። ስለዚህ ራውተሩ ከቤቱ መካከል፣ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የሪያድ በጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ይራቅ፤ ቁም ሣጥን ውስጥም አይዘጋበት።

2ኛ/ ስለ ቁልፍ፦ የመጀመሪያው የዋይፋይ መቆለፊያ፣ ዌፕ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ደካማነቱ ተጋልጧል። ዛሬ የሚመረጠው በ2018 የወጣው ደብልዩፒኤ3 ነው፤ ራውተሩ ይህ ከሌለው ደብልዩፒኤ2 ይሁን። የይለፍ ቃሉ ከ8 እስከ 63 ፊደል ሊሆን ይችላል፤ አራት አምስት የማይዛመዱ ቃላት ቢገጣጠሙ ለማስታወስ ይቀላል፣ ለመገመትም ይከብዳል። ደብልዩፒኤስ የተባለው አቋራጭ ይዘጋ፤ ባለ 8 አኃዙ ቁጥር 11,000 ገደማ በሚሆን ሙከራ ሊገኝ እንደሚችል በ2011 ታውቋል። የራውተሩ የራሱ መግቢያ የይለፍ ቃልም ይለወጥ፤ ሶፍትዌሩም ይታደስ።

3ኛ/ ስለ መካፈል፦ ለወገን ማካፈል ባህላችን ነው። ሆኖም በአንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎች የሚናገሩት በየተራ ነው፤ የይለፍ ቃሉ በሠፈሩ ሲዞር ተራው ይረዝማል፣ የፈተናውም ገጽ ይቆማል። ከዚህም በላይ፣ መሥመሩ የተመዘገበው በአንድ ጓደኛችን ስምና ኢቃማ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ2007 ጀምሮ የኮምፒዩተር ወንጀል ሕግ አላት። የማናውቀው ሰው በመሥመሩ ቢያጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ነው? ባለ ስሙ ነው። ስለዚህ ለምናውቀው እንግዳ ለብቻው የተለየ የእንግዳ ዋይፋይ ይከፈትለት፤ የቤቱ ቁልፍ ግን ከቤቱ አይውጣ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በየቤቱ አንድ ኃላፊ ይመረጥ። እርሱም በየወሩ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ይመልከት፤ አንድ ነዋሪ ቤት በለቀቀ ቁጥር የይለፍ ቃሉን ይለውጥ። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ጥቅሙ ግን የሁላችንም ነው።