ኦርጅናልና ፎርጅድ
(ልብስ ከጥቂቶች ወደ ብዙኃን ስለሚሸጋገርበት መንገድ የቀረበ አጭር ጥናት)

በአዳማ ገበያ ልብስ የሚገዛ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚያነሣው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ኦርጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ?» ይላል። ጥያቄው ተራ የገበያ ንግግር ይመስላል። ነገር ግን ጠጋ ብለን ብንመረምረው የኢኮኖሚም፥ የባህልም፥ የፍትሕም ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን። ኦርጅናል ማለት ምን ማለት ነው? ኦርጅናሉን የሠራውስ ማን ነው? ጥቂት ሰዎች ብቻ ይለብሱት የነበረ ልብስ ሕዝብ ሁሉ በለበሰው ጊዜ ኦርጅናልነቱ ይጠፋል ወይስ ይቀራል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል መመርመር ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ ከዚህ በታች «ዓ.ም.» የተባለው በእኛ አቆጣጠር ሲሆን «እ.ኤ.አ.» የተባለው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሀ. ፋሽን በምን መንገድ ይስፋፋል?

ጀርመናዊው የኅብረተሰብ ሊቅ ጌኦርግ ዚመል በ1904 እ.ኤ.አ. ስለ ፋሽን በጻፈው ጥናት የሰው ልጅ ሁለት የሚቃረኑ ፍላጎቶች እንዳሉት አመልክቷል። አንደኛው ከሌሎች ጋር መመሳሰል ነው፤ ሁለተኛው ከሌሎች መለየት ነው። በእርሱ አስተያየት የበላይ መደብ ራሱን ለመለየት አዲስ ልብስ ይለብሳል፤ የበታቹ ያንን ይቀዳል፤ የበላዩም የተቀዳበትን ትቶ ወደ ሌላ ይሸሻል። እንግዲህ ፋሽን ማለት የማያቋርጥ ሽሽትና ክትትል ነው ማለት ነው።

ይህ አስተያየት ለዘመኑ ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን መንገዱ በሌላም አቅጣጫ ሲሄድ ታይቷል፤ ይኸውም ከታች ወደ ላይ ነው። ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቪቪየን ዌስትውድና ማልኮም ማክላረን በሎንዶን ኪንግስ ሮድ በተባለው መንገድ ላይ በከፈቱት ትንሽ ሱቅ የተቀደደና በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ልብስ ይሸጡ ነበር። ልብሱ ፓንክ የተባሉት፥ በሥርዓቱ የተበሳጩ ወጣቶች ምልክት ነበር። ብዙ ዓመታት ሳይቆዩ ያ መልክ ወደ ትልልቆቹ የልብስ ቤቶች ገባ፤ ዌስትውድም በ2006 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ዘውድ «ዴም» የሚል የክብር ማዕርግ ተቀበሉ። ሁለተኛው ምሳሌ በኒው ዮርክ ሀርለም በ1982 እ.ኤ.አ. ሱቅ የከፈተው ዳፐር ዳን ነው። የታላላቅ ኩባንያዎችን ምልክት ያለፈቃድ እየወሰደ ጥቁር አሜሪካውያን የሚወዱትን አዲስ ልብስ ይሠራ ነበር። በሕግ ተከስሶ ሱቁ በ1992 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። በ2017 እ.ኤ.አ. ግን ጉቺ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ የእርሱን የሚመስል ጃኬት ለትርኢት አቀረበ፤ ብዙ ተቃውሞ በተነሣ ጊዜም ኩባንያው ከዳፐር ዳን ጋር ተስማምቶ አብሮት መሥራት ጀመረ። ትናንት «ፎርጅድ ሠሪ» የተባለው ሰው ዛሬ ኦርጅናል ሆነ ማለት ነው።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው አካሄዱ አምስት ደረጃዎች ያሉት መሆኑን ነው። በመጀመሪያ ጥቂት ሰዎች ለራሳቸው ምክንያት አንድ ልብስ ይሠራሉ። በሁለተኛ ደረጃ አንድ ዝነኛ ሰው ይለብሰዋል። በሦስተኛ ደረጃ ነጋዴ ይቀዳዋል። በአራተኛ ደረጃ ዋጋው ይወርድና ብዙኃኑ ይለብሰዋል። በአምስተኛ ደረጃ ገዢው «እውነተኛው የቱ ነው?» ብሎ መፈለግ ይጀምራል። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ፎርጅድ ሳይኖር በፊት ስለ ኦርጅናል የሚጠይቅ አልነበረም። ጎረቤቱ በሠራው ሸማ የሚለብስ ገበሬ «ይህ እውነተኛ ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ሠሪውን ያውቀዋልና። የኦርጅናል ፍለጋ የሚወለደው ሠሪና ለባሽ በተለያዩበት ቦታ ነው።

ለ. ሸማኔውና ንድፍ አውጪው

ይህን አስተሳሰብ ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ። የሸማ ሥራ በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ፥ በእግር እየረገጡ፥ በእጅ መወርወሪያ እየወረወሩ የሚሠራ ከባድ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ አካባቢ ይህን ሥራ በብዛት የያዙት ከጋሞ ደጋ፥ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው። ሕዝቡ ልብሳቸውን በክብር ሲለብስ ሠሪዎቹን ግን ሲንቅ ኖሯል። ይህ ንቀት እጅግ የከፋ ስለ ነበር ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ የሆነውን ሁሉ በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል።

ባለፉት ሃያ ዓመታት ደግሞ ይኸው ሸማ በአዲስ መልክ ወደ ዓለም ገበያ ወጥቷል። በሞዴልነት ሥራዋ የታወቀችው ሊያ ከበደ ሸማኔዎች ሥራ እያጡ መሆናቸውን ተመልክታ በ2007 እ.ኤ.አ. «ለምለም» የተባለውን የልብስ ድርጅት አቋቋመች፤ በእጅ የተሠራው ጨርቅም ለውጭ አገር ሴቶችና ልጆች በሚስማማ ቅርጽ እየተሰፋ ተሸጠ። ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. «ሶል ሬብልስ» የተባለውን የጫማ ድርጅት በአዲስ አበባ ስትመሠርት መነሻዋ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራው፥ ድኻውና ታጋዩ ይጫማው የነበረው በረባሶ ነበር። በረባሶ ከድኽነት ምልክትነት ተነሥቶ በውጭ አገር ሱቆች መስኮት ውስጥ ተቀመጠ። በአገር ውስጥም ጥለቱን በአዲስ ቦታ እያዋሉ፥ ቀሚሱን እያሳጠሩ ወይም እያስረዘሙ የሚሠሩ ብዙ ንድፍ አውጪዎች ተነሥተዋል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሆኖም አራተኛው ደረጃ መምጣቱ አልቀረም። የጥበብ መልክ በማሽን የታተመበት ርካሽ ጨርቅ ከቻይና እየገባ በገበያው ሞላ። ከሩቅ ሲያዩት ጥለት ይመስላል፤ ገልብጠው ሲያዩት ግን ጀርባው ባዶ ነው፤ ክሩ በሽመና አልገባምና። ሸማኔው ለቀናት የሚደክምበትን ማሽን በደቂቃዎች ያትመዋል። በዚህ ውድድር ሸማኔው በዋጋ ሊያሸንፍ እንደማይችል ግልጽ ነው። ንድፍ አውጪዋ ስምዋን በልብሱ አንገት ላይ ስለ ሰፋች ቢቀዱባትም ስምዋ ይቀርላታል። ሸማኔው ግን ስሙ የትም ስላልተጻፈ ሲቀዱበት የሚቀርለት ነገር የለም። የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሐ. የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ምን ያሳዩናል?

አዳማ በባቡር መስመር ላይ ያደገች ከተማ ናት። በዚያው ሐዲድ የውጭ ጨርቅ ወደ መሀል አገር ሲገባ ኖሯል። ዛሬ በከተማዋና በአካባቢዋ ሦስት ዓይነት የልብስ ዓለም ጎን ለጎን ይታያል።

አንደኛው የፋብሪካው ዓለም ነው። የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተመርቋል። ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ በሐዋሳ ያለው ፓርክ ከዚያ ቀድሞ በ2008 ዓ.ም. ተመርቋል። በእነዚህ ፓርኮች ወጣት ሴቶች ልብስ ይሰፋሉ፤ ለውጭ ኩባንያ በሚሰፋው ልብስ ግን ንድፉም፥ ስሙም፥ ገበያውም የሌላ ነው። የዚህን አሠራር ድካም ያየነው አሜሪካ ኢትዮጵያን ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል ባስወጣች ጊዜ ነው። በሐዋሳ ትልቅ ስም የነበረው ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገና ውሳኔው በሥራ ላይ ሳይውል ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በሰው ስም የሚሰፋ እጅ፥ ባለ ስሙ በሄደ ጊዜ ባዶውን ይቀራል።

ሁለተኛው የበዓል ልብስ ዓለም ነው። የገዳ ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ በሚከበረው ኢሬቻ ላይ ጥቁር፥ ቀይና ነጭ ቀለም የተዋሐደበት፥ የኦዳ ዛፍ የተሣለበት ልብስ ለብሶ የሚወጣው ወጣት ቁጥር ስፍር የለውም። በዓሉ ሲቃረብ ልብስ ሰፊዎች ዕረፍት የላቸውም። እዚህም ያው ሕግ ይሠራል። የአርሲ፥ የቦረና፥ የጉጂ፥ የከረዩ፥ የሐረርጌና የወለጋ አለባበስ እያንዳንዱ የራሱ መልክና ትርጉም ነበረው። ገበያው ግን ሁሉን ቀላቅሎ አንድ «የኦሮሞ ባህል ልብስ» አውጥቷል። ይህ ኪሳራ ብቻ ነውን? አይደለም። ለብዙ ጊዜ በከተማ ሲለበስ ያፈሩበት የነበረ ልብስ የክብር ልብስ መሆኑ ትልቅ ትርፍ ነው። ዳሩ ግን ልጅቱ የያዘችው ሲንቄ የሴት መብትና የእርቅ ምልክት መሆኑን ሳታውቅ ለፎቶግራፍ ብቻ የያዘችው እንደ ሆነ ዕቃው ተስፋፍቶ ትርጉሙ ጠፍቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው በሻሸመኔ የምናየው ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1948 እ.ኤ.አ. ለጥቁር ሕዝቦች በሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩት ራስተፈሪያውያን የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ቀለሞች የእምነታቸው ምልክት አድርገው ለብሰዋል። ያ የጥቂቶች ልብስ በሬጌ ሙዚቃ፥ በተለይም በ1978 እ.ኤ.አ. ሻሸመኔን በጎበኘው በቦብ ማርሊ ዝና አማካይነት ዓለምን አዳረሰ። ዛሬ አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ ኮፍያ ከባሕር ማዶ ፋብሪካ ወጥቶ ተመልሶ ለእኛው ይሸጣል። የገዛ ቀለማችንን በዋጋ እንገዛዋለን።

መ. ኦርጅናልነት በምን ይለካል?

ብዙ ሰው በሦስት የተሳሳቱ መለኪያዎች ይጠቀማል።

የመጀመሪያው ጥንታዊነት ነው። «ከውጭ ያልተነካካ» ልብስ እንፈልጋለን እንላለን። ነገር ግን በሸማኔው ዕቃ ላይ ያለው ድር ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ በእንዝርት የሚፈተለው ማጉ ነው። በጥንት ጊዜም ሸማኔዎች ለጥለት የሚሆነውን ባለ ቀለም ክር ከውጭ የመጣ ጨርቅ እየተረተሩ ያወጡ እንደ ነበር ታሪክ ይነግረናል። የአርሲና የቦረና ሴቶች ጌጥ የሆነው ጨሌ ውስጥም በንግድ ከአውሮፓ የመጣ ብርጭቆ ብዙ ነው። ባህል ሲቀበልና ሲለውጥ የኖረ እንጂ በሣጥን የተቆለፈ ዕቃ አይደለም።

ሁለተኛው የእጅ ሥራ መሆኑ ብቻ ነው። በእጅ የተሠራ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይቻልም። ትምህርቱን አቋርጦ በጨለማ ቤት የሚሸምን ሕፃን የሠራውም የእጅ ሥራ ነውና።

ሦስተኛው የዋጋ መወደድ ነው። ውድነት የሱቁን ኪራይና የስሙን ዝና ሊያሳይ ይችላል፤ የሠሪውን ድርሻ ግን አያሳይም።

እንግዲህ ትክክለኛው መለኪያ ምንድን ነው? በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ይህን ልብስ የሠራው ሰው ይታወቃል ወይ? ከዋጋው የሚገባውን ድርሻ አግኝቷል ወይ? ለባሹስ የለበሰውን ትርጉም ያውቃል ወይ? ሦስቱም «አዎን» ከሆኑ ልብሱ ትናንት የተፈጠረ ቢሆንም ኦርጅናል ነው። ሦስቱም «አይደለም» ከሆኑ መልኩ የሺህ ዓመት ዕድሜ ቢኖረውም ፎርጅድ ነው።

ሠ. የተማሪው ድርሻ

የልብስ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ተማሪ እንግዳ አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በራስ መኰንን አዳራሽ ሊቀርብ የታሰበውን የፋሽን ትርኢት ተማሪዎች የባዕድ ባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙ። ነገሩ ወደ ግጭት አመራ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ተማሪዎቹ ያነሡት ጥያቄ፥ «የምንለብሰውን የሚወስንልን ማን ነው?» የሚለው፥ ዛሬም ሕያው ነው። ነገር ግን ቁጣው በትርኢቱ ላይ በተገኙ ሴቶች ላይ ማረፉ ትልቅ ጥፋት ነበር። የባህል ጥበቃ የሴትን ቀሚስ በመለካት አይጀመርም። የሚጀመረው የሠሪውን ድርሻ በመለካት ነው።

ምን ማድረግ እንደሚቻል ከቡናችን እንማር። ኢትዮጵያ ሐረር፥ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በተነሣች ጊዜ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ተከራክራ በ2007 እ.ኤ.አ. ስምምነት ላይ ደርሳለች። ስም ሀብት መሆኑን ያን ጊዜ አይተናል። የዶርዜ ሽመና፥ የአርሲ የቆዳና የጨሌ ሥራ እንደዚሁ በስማቸው የማይጠበቁበት ምክንያት የለም። ይህን ሥራ ከሕግ ተማሪው፥ ከኢኮኖሚክስ ተማሪው፥ ከጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ተማሪው በቀር ማን ይሠራዋል?

እስከዚያው ግን በእጃችን ያለ ነገር አለ። የምረቃ በዓል በመጣ ቁጥር ብዙ መቶ ተማሪዎች የባህል ልብስ ይገዛሉ። ክፍሎች በኅብረት ሆነው በቀጥታ ከሸማኔዎች ማኅበር ቢያዙ ለአትራፊ የሚሄደው ገንዘብ ለሠሪው ይደርሳል፤ ለገዢውም ይቀልለዋል። በየልብሱ ጫፍ ላይም የንድፍ አውጪው ብቻ ሳይሆን፥ ፈቃዱ ከሆነ፥ የሸማኔው ስም እንዲሰፋ እንጠይቅ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንዲት ብጣሽ ጨርቅና ጥቂት ክር ብቻ ነው።

ስለዚህ ተማሪ ወንድሞችና እህቶች፥ ለሚቀጥለው በዓል ገበያ ስንወጣ ባለ ሱቁን «ኦርጅናል ነው ወይ?» ብለን ብቻ አንለፈው። «ማን ሠራው? ምን ያህልስ ደረሰው?» ብለን እንጨምርበት። ባለ ሱቁ መልሱን ባያውቅ እንኳ ጥያቄው ሲደጋገምበት ለማወቅ ይገደዳል። ገበያ የሚሰማው የገዢን ድምፅ ነውና።